በዓለሚቱ መቀስ ስለተቆረጠው ሪባን የቀረበ ማብራሪያ

ለክቡር አቶ በላይነህ፣
የዕረፍት አምባ የጡረተኞች መኖሪያ መንደር ሥራ አስኪያጅ፣
ደብረ ታቦር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የጉና ብርድ አጥንትዎ ድረስ አይዝለቅ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎ፣ እግርዎ አያዳልጥዎ፤ ድንገት እንኳ ቢያዳልጥዎ የሚያነሣዎ ሰውና የሚያሳልፍዎ በር አይጡ። ቤተሰብዎም ደኅና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ቤተሰብ የምለው ከእንግዲህ የለኝም።

«የመንደሩን የምረቃ ሪባን ያለ ፈቃድ ስለመቁረጥዎ» በሚል ርእስ የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ፣ ባለቤቴን ወይዘሮ ዓለሚቱን በቀበርኩ በሰባተኛው ቀን፣ ለቅሶ ከሚደርሱ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ሳለ ደርሶኛል። ከመሥሪያ ቤትዎ ለለቅሶ የመጣው እሱ ብቻ ስለሆነ እንደ ሰው ተቀብዬ ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገልኩ ሰው ነኝና ደብዳቤ ሳይ ጥራቱን አውቃለሁ፤ ቁጥሩም፣ ቀኑም፣ ማኅተሙም በየቦታቸው ናቸው። «እግዚአብሔር ያጽናዎ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ቀርታለች፤ ለእሷም ቢሆን ቦታ አልነበረም፣ ግልባጭ የሚደረግላቸው ሰዎች ዝርዝር ገጹን ሞልቶታል።

መልሴን በግልጽ ደብዳቤ የማደርገው ለማሳጣት አስቤ አይደለም። ሪባኑ ስለተሰቀለበት ዋና በር ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች ቢሮዎ ገብተው አልወጡም። እኔም በዘመኔ ስንቱን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» እያልኩ ጫማውን ያስጨረስኩ ነኝና ደብዳቤ የት እንደሚተኛ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

የጠየቁኝ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው።

፩. «ሪባኑን እንዲቆርጡ ማን ፈቀደልዎ?»

የዚህን መልስ ወደ መጨረሻው ላቆየው ይፈቀድልኝ። በፊት ግን፣ ግልባጩ የሚደርሳቸው ክቡራን አካባቢውን ላያውቁት ስለሚችሉ፣ ስለ መንደራችን ጥቂት ልበል።

እኔና ዓለሚቱ ባለፈው ጥቅምት ገሳይ ከተማ የነበረንን ቤት ለቀን ወደ ዕረፍት አምባ የመጣነው በእርስዎ ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሠላሳ ሁለት ጥርሳቸውን ያሳያሉ። ዓለሚቱ አይታ፣ በዚህ ዕድሜ ይህን ሁሉ ጥርስ ያቆየላቸው ሰፈር ለእኛም አይከፋንም ብላ ሳቀች። ስንመጣ ሥዕሉ አልዋሸንም። አግዳሚ ወንበሮቹ አሉ፤ እስኪመረቁ ድረስ እንዳይቆሽሹ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ናቸው። ክሊኒኩም ሰሌዳው ሳይቀር አለ፤ እስካሁን ገብቶ የተኛበት ግን ሲሚንቶ ብቻ ነው፣ እሱም ሳይድን ደርቆ ቀርቷል። የእኛ ቤት ያለበት መንገድ «ጽጌረዳ ጎዳና» ይባላል፤ በክረምት ጭቃው ቁርጭምጭሚት ስለሚውጥ ስሙን አንብቦ ለማድነቅ የሚቆም ሰው እዚያው ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ስለ ዋናው በር ነው። እንዲህ ያለ ያማረ የብረት በር በደብረ ታቦር ዙሪያ አላየሁም፤ አምስት እርምጃ ወጣ እንዳሉ አስፋልቱ ነው። የክብር እንግዳ መጥቶ እስኪመርቀው ድረስ ግን ተቆልፎ፣ በውጭ በኩል ሪባን ተወጥሮበት ነበር። እኛ፣ ታናሻችን ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላው ነዋሪዎች፣ ዐሥር ወር ሙሉ የወጣነውና የገባነው እርስዎ «ጊዜያዊ መውጫ» ባሉት በኩል ነው። ይኸውም ከኋላ የአጥሩ ቀዳዳ፣ ከዚያ ቦይ፣ በቦዩ ላይ የተጋደሙ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች፣ ከዚያም የሰው የድንች ማሳ ነው። በሩ እንዲከፈትልን በጠየቅንዎ ቁጥር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ በለዘበ አንደበት መክረውናል። እኛም በዚህ ዕድሜያችን መቸኮላችን አሳፍሮን ተመልሰናል።

ምረቃው አራት ጊዜ ተቀጥሯል፣ አራት ጊዜም ቀርቷል። በየቀጠሮው ዋዜማ ነጭ አስለብሰው ከበሩ በስተ ውስጥ አሰልፈውናል፤ እንግዳው በሩ ላይ ሲቆም ሪባኑ እንደሚቆረጥ፣ ሪባኑ ሲቆረጥም እንድናጨበጭብ አስተምረውናል። ትምህርቱ ምን ያህል እንደገባን በኋላ ያዩታል።

፪. «በምን መሣሪያ ቆረጡት?»

በመቀስ። መቀሱን ያውቁታል። በመጀመሪያው ልምምድ ቢሮዎ ያመጣው አዲስ መቀስ ሪባኑን አኝኮ አልቆርጥ ቢል፣ አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ የኖረችው ዓለሚቱ የራሷን አውጥታ የሰጠችው እርስዎን ነው። ያን ቀን በሰው ፊት አመስግነዋታል፤ በምረቃው ዕለት መቀሱን በትሪ ይዛ ለክቡር እንግዳው የምታቀርበው እሷ እንድትሆንም ወስነዋል። በእውነት እነግርዎታለሁ፣ ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ልጃገረድ ሆነች። መቀሱን አስላ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ ለትሪው ዳንቴል ሠራች።

ሪባኑንም እሷ ናት ያቆየችልዎ። ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀ ሲያደበዝዘው፣ በእርስዎ ፈቃድ ሦስት ጊዜ አውርዳ አጥባ፣ ተኩሳ፣ እንደ አበባ የታጠፈውን መሃሉን በእጇ እየሰፋች መልሳለች። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ያ ሪባን ለመታጠብ ሲሆን ሦስት ጊዜ ወርዷል።

፫. «ለምን በጊዜያዊ መውጫው አልተጠቀሙም?»

ተጠቅመናል፤ ስለዚህም ነው የምጽፍልዎ።

በፍልሰታ ጾም፣ በነሐሴ ዘጠኝ፣ ዓለሚቱ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ማለዳ ስትወጣ አጣናው አዳልጧት ቦዩ ውስጥ ወደቀች፤ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ጎረቤታችን ሐጂ የሱፍ፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ ለአምቡላንስ ደወሉ። ጎረቤቶች በቃሬዛ አንሥተን ወደ ዋናው በር ወሰድናት፤ ሰው ሲታመም መኪና የሚመጣው በበር ነው ብለን ነበርና። አምቡላንሱ በሃያ ደቂቃ ደረሰ። ሹፌሩ ከውጭ፣ ዓለሚቱ ከውስጥ፣ በብረቶቹ መሃል ይተያዩ ነበር።

ዘበኛው ፈንታሁን ቁልፉን ይዞ ቆመ። በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ሪባኑን ይበጥሰዋል፤ የሪባኑን ነገር ደግሞ ከእንጀራው ጋር አያይዘው በጽሑፍ አስፈርመውታል። ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ጋሼ፣ ቁልፉ በእጄ ነው፤ ሪባኑ ግን በእጄ አይደለም» አለኝ። በእሱ አልፈርድም፤ አምስት አፍ ያበላል።

ለእርስዎ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ሆነው እንኳ ስልክዎን በማንሣትዎ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። በማግሥቱ እንግዳው በእርግጥ እንደሚመጡ፣ ሪባኑ ገና ትናንት ተተኩሶ መሰቀሉን፣ ዛሬ ከተበላሸ ለነገ እንደማይደርስ በትዕግሥት አስረዱኝ፤ በመጨረሻም፣ «አቶ ይሻው፣ አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝ» አሉኝ። እኔ የሚጠብቅ ሰው ነኝ፣ ክቡርነትዎ፤ ለእርስዎ ግን የደወለችው አጥንቷ የተሰበረባት ሴት አልነበረችም።

አሁን የእርስዎን ጥፋት ትቼ የራሴን ልጻፍ። መቀሱ ቤቴ ነበር። ከበሩ ሰባ እርምጃ ቢሆን ነው። አምጥቼ ልቁረጠው ብዬ ስነሣ ዓለሚቱ ከቃሬዛው ላይ እጄን ያዘችኝ። «ተው፤ ነገ እንግዳ አለ፣ ሥራዬን አታበላሽብኝ» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ለማኅተም ስታዘዝ የኖርኩ ሰው ለሪባንም ታዘዝኩ። ሕይወቴን ሙሉ ያልሰማኋትን ሴት በዚያች ቀን ሰማኋት፤ ይህን ይቅር የሚለኝ ሰው አልፈልግም።

ስለዚህ በጊዜያዊ መውጫው ተጠቀምን። ወደ ኋላ መልሰን፣ በአጥሩ ቀዳዳ አሾልከን፣ የወደቀችበት ቦይ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ አውርደን አወጣናት፤ በድንቹ ማሳ ላይ ዝናብ ያዘን። የቃሬዛውን ፊት የያዙት ሐጂ የሱፍ ሁለት ጊዜ በጉልበታቸው ወደቁ፤ ቃሬዛውን ግን አልለቀቁም። አምቡላንሱ ዞሮ እስኪያገኘን ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። እሷ በዚያ ሁሉ መንገድ ትጠይቀኝ የነበረው ትሪውን ማን ይይዘው ይሆን እያለች ነበር።

በማግሥቱ እንግዳው አልመጡም።

ዓለሚቱ ዐሥራ አንድ ቀን ተኝታ ዐረፈች። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ እመለሳለሁ። በአገራችን የሞተ ሰው ከቤቱ ይወጣል እንጂ ከመኪና ወደ መቃብር አይወረወርም። አስከሬኗን የያዘው መኪና መጥቶ ዋናው በር ላይ ቆመ። ጎረቤቶቿ ነጭ ለብሰው፣ እርስዎ ባሠለፏቸው ቦታ፣ በስተ ውስጥ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ለሐዘንም የሚለበሰው ያው ነጭ ነው። እኔ ከመኪናው ወርጄ ብቻዬን ዞርኩና በዚያው አጣና ላይ ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ፤ መቀሱን ከጨርቁ አወጣሁት። ወደ በሩ ስመለስ ፈንታሁን ፈቀቅ አለልኝ። እጄን በብረቶቹ መሃል አሾልኬ ቆረጥኩት። አስላ ነበር ያስቀመጠችው፤ አንዴ ብቻ ጨበጥኩት፣ ወደቀ። ፈንታሁን ያለቅስ ስለነበር ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ለማግባት ጊዜ ወሰደበት።

ከጽጌረዳ ጎዳና ስድስተኛው ቤት የሚኖሩት፣ በእርጅና ነገር እየተረሳቸው ያስቸገሩን ሽማግሌ፣ ሪባኑ ሲወድቅ አይተው አጨበጨቡ። እንዳስተማሯቸው ነው ያደረጉት። በግቢው የተሰማው የእሳቸው ጭብጨባ ብቻ ነበር፤ ማናችንም አልከለከልናቸውም።

እንግዲህ ማን ፈቀደልዎ ላሉኝ መልሴ ይህ ነው፦ እርስዎ ፈቅደውልኛል። የክብር እንግዳ በሩ ላይ ሲቆም ሪባኑ ይቆረጣል ብለው አራት ጊዜ አስተምረውኛል። በዚያ ዕለት በሩ ላይ ከቆመችው ከዓለሚቱ የሚበልጥ እንግዳ ይህ መንደር አይመጣለትም። መንደርዎ ተመርቋልና እንኳን ደስ ያለዎ። ለሪፖርትዎ ይጠቅምዎ ዘንድ፣ ሥነ ሥርዓቱ በታቀደው መሠረት በደማቅ ሁኔታ ተከናውኗል ብለው ሊጽፉ ይችላሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ተከፍቶ ይውላል። እባክዎን በዚህ ምክንያት ፈንታሁንን አይቅጡብኝ፤ ለበሩ መከፈት ተጠያቂው እኔ ብቻ መሆኔን በዚህ ፊርማዬ አረጋግጣለሁ። አርባዋ በመስከረም መጨረሻ ነው። በሥራ ብዛት ምክንያት እንደማይመቸዎ አውቃለሁ፤ ከመጡ ግን በዋናው በር ይግቡ።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። ይህን የምለው አስቤበት ነው፤ ጉልበትዎ እስኪከዳዎ፣ ዓይንዎ እስኪፈዝ፣ ጡረታ ወጥተው በዚሁ በዕረፍት አምባ፣ ከቦዩ አጠገብ ባለው የመጨረሻው ቤት እስኪገቡ ድረስ ያኑርዎ። ያኔ ለሚያስተዳድርዎ ሰውም ከራስዎ የበለጠ ርኅራኄ አይስጠው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ይሻው ባዩ
የቀድሞ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአሁኑ የበር ሰባሪ

ማስታወሻ፦ በንብረትነት እንድመልስ ያዘዙኝን ሪባን በሁለት ቁራጭ አያይዣለሁ። አጥቤ ተኩሼዋለሁ፤ እንደ እሷ አላማረልኝምና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ለሚቀጥለው እንግዳ ተሰፍቶ እንዲሰቀል ከፈለጉ ግን፣ ሰፊዋ የት እንዳለች ያውቃሉ።