ያልጻፍኩት ጠባሳ

ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ እህት ዓለም? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እኔና ልጄ፣ ክብር ለእሱ ይሁንና፣ ደህና ነን። ሀርጌሳ ዘንድሮ ዝናብ ነፍጓት አቧራው አላስወጣ ብሎናል።

ስትደውዪ እኔንና ልጅቱን እንጂ ባሌን እንየውን ጠይቀሽ አታውቂም። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከከዳው ከረመ። የሱቅ ግድግዳ እየሳለ ያኖረን እጅ ዛሬ ማንኪያ አያነሳም። ደንበኞቹ ደግሞ ከእሱ ስዕል ሌላ አንፈልግም አሉ።

ሂዳያ የምትባል፣ ድሬዳዋ ያደገች ጎረቤት አለችኝ፤ ሥራዋ የኮምፒዩተር ዲዛይን ነው። ስዕል የሚሠራውን ኤአይ የእንየውን አሳሳል እናስተምረውና እያተምን እንለጥፍ፣ እንጀራችሁ አይቋረጥም አለችኝ። ዋሄን ገበያንና መሐመድ ሞጌ ሰፈርን እየዞርኩ የሳላቸውን ግድግዳዎች በስልኬ አነሳሁ። በየፎቶው ሥር የሚታየውን ሁሉ ጻፊ ብላኝ፣ ሴት፣ ቀይ ሻሽ፣ የጭማቂ ብርጭቆ፣ ፍየል እያልኩ ጻፍኩ። ኤአዩ የተጻፈለትን ነገር ለይቶ ያውቀዋል፤ ሳይጻፍለት በየስዕሉ የሚደጋገመውን ግን የሰዓሊው እጅ ነው ብሎ ይወስደዋል አለችኝ።

ተምሮ ሲጨርስ ምን ልበልሽ! ቀለሙ የእንየው፣ ጥላው የእንየው። ለጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ የሚስቅ ወንድ ስናዝዘው ግን፣ ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ ይዞ መጣ። ቀጥለን ያዘዝናት ሙሽራም አላት። ግመል እንኳ ስናዝዘው ከነጠባሳዋ መጣች። ሂዳያ ስቃ ስቃ፣ ይሄን ከየት አመጣው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ከወፍጮ ቤቱ ደረጃ ወድቀሽ ግራ ቅንድብሽ የተሰነጠቀ ቀን ደምሽን በነጠላዬ የጠረግኩት እኔ አይደለሁም? ዓይኔ ከመልመዱ የተነሳ በየግድግዳው እያየሁት አልጻፍኩትም። ተመልሼ ሄጄ አየሁ። አንቺ እኛ ዘንድ ሳትመጪ የሳላቸው ሴቶች የላቸውም። ከመጣሽ ወዲህ ያሉት ሁሉ አላቸው፤ ከሄድሽ በኋላም፣ አምና የሳላት የመጨረሻዋም።

እንየውን ጠየቅኩት። በተሳሰረ አንደበቱ የእጄ ልማድ ነው አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አለቀስኩ፤ ለራሴ ይሁን ለአንቺ እስካሁን አላወቅኩም።

አራስነቴን ልትረጂኝ መጥተሽ፣ ልጄ ክርስትና ሳትነሳ፣ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ወጃሌ በሚሄድ መኪና ስትሄጂ ስንት ዓመት ተቀየምኩሽ! ጨካኝ ብዬሻለሁ፤ ለእናታችንም ከስሼሻለሁ። አንቺ አንድም ቀን መልስ አልሰጠሽኝም። የሸሸሽው ከማን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ሂዳያ መላ አለው አለች። ጠባሳው ባለበት ፎቶ ሁሉ ሥር ጠባሳ ብለን ጽፈን እንደገና ካስተማርነው፣ ከእንግዲህ ካልጠሩት አይመጣም። ትናንት ቁጭ ብዬ በየአንዳንዱ ሥር ጻፍኩት። አንድም ሳልዘል ጨረስኩት።

ለፋሲካ ልጅቱን ይዤ አገር ቤት እመጣልሻለሁ። እንየውን ሂዳያና እናቷ ይጠብቁልኛል።

እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ፣ ደጅሽን ሰላም ታድርግልኝ። ስመጣ ምንም አትንገሪኝ፤ እኔም አልጠይቅሽም። ያንን ቅንድብሽን ብቻ ልሳመው።

ታላቅ እህትሽ