ድንበር ስለተሻገረው የባለቤቴ ደብተር

ለከተማችን የቆሻሻና የኃይል ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ተሟልቶ፣ መብራትዎ ሳይቆራረጥ፣ ከተቻለም ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ እመኛለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ቆሻሻችን ለጎረቤት አገር ተሽጦ፣ እዚያ ነድዶ፣ ኤሌክትሪክ ሆኖ እንዲመለስልን የሚጠይቀውን የሰፈራችንን ማመልከቻ በሦስት ቅጂ የጻፍኩት እኔ ነኝና የሚከተለው ወቀሳ በቅድሚያ የሚመለከተው እኔን ነው።

1ኛ. «ያለቀ ደብተር ሁሉ የደረቅ ቆሻሻ ጆንያ ውስጥ ይግባ» የሚለውን የሰፈር ደንብ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ጎረቤቶቼ እንደነገሩ ሲያከብሩት እኔ ግን ሳላገላብጥ አከበርኩት፤ የሟች ባለቤቴን ደብተር ከአሮጌ ደብተሮቼ ጋር ቀላቅዬ በገዛ እጄ ከትቼ፣ የጆንያውን አፍ አስሬ፣ ቁጥር ጽፌበት አስረከብኩ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከደብተሩ ፊት የደንበኞቿን ልክ፣ ከኋላው ደግሞ «ጡረታ ሲወጣ የምነግረው» በሚል ርእስ የእኔን ጥፋቶች በተራ ቁጥር መዝግባለች። ሳትነግረኝ ሄደች። እንዳያልቅብኝ በሳምንት አንድ ብቻ እያነበብኩ ሰባተኛው ላይ ደርሼ ነበር። ሰባተኛው «ሳያይ ይጥላል» ይላል።

2ኛ. በማግስቱ ላስመልሰው ማስረከቢያው ስደርስ ጆንያው ድንበር ተሻግሯል፤ እዚያ ግቢ ውስጥ የመንደጃ ተራው እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል ተባልኩ። የማመልከቻ መልስ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን እንደሚሰጥም በትሕትና ተነገረኝ። ሁለት ጊዜ አሰላሁት፤ አልመጣልኝም።

3ኛ. ይህኛው ምስጋና ነው። ጆንያው እንዲመለስልኝ የጻፍኩት ማመልከቻ ኅዳግ አልተተወለትም ተብሎ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን በኅዳግ ምክንያት ስመልስ ምን ይሰማቸው እንደነበር አሁን ገባኝ። የመለሰችብኝ ሠራተኛ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ በሚገባ አስተምሬያታለሁ።

የምለምንዎ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፦ ቁጥር 14፣ በሰማያዊ ክር የታሰረው ጆንያ ለብቻው ይቀመጥ። ሄጄ ራሴ እፈታዋለሁ። ስምንተኛውን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።

ለደንብ ባደረብኝ የማይድን ፍቅርና ለቢሮዎ በተረፈኝ አክብሮት፣
የደንቡ አርቃቂና የመጀመሪያ ተጎጂው

ተጨማሪ፦ በርዎ ላይ ያሉት ስድስት መብራቶች ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ሲበሩ አየሁ። ደብተሩ የግድ ከነደደና በሽቦ ከተመለሰ፣ እባክዎ ያን ቀን እንኳ ያጥፏቸው። ሦስተኛው ጥፋቴ «ቀን መብራት አብርቶ ይረሳል» የሚል ነበርና፣ ለእርስዎ በር እንድታበራ ባደርጋት ይቅር አትለኝም።