ድሬሰር ክንዱ ዘሩ እና ሳይጠይቁት የቀሩት ይቅርታ

አቶ ክንዱ ዘሩ ከአባታቸው ከአቶ ዘሩ ያለው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እሌኒ ገነነ፣ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ በምታስኬድ አንዲት የደጋ ቀበሌ፣ ጤፍ በሚታጨድበት በኅዳር ወር 1941 ዓ.ም. ተወለዱ።

ዳዊት ከደገሙ በኋላ ቡሬ ወርደው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. የድሬሰርነት ሥልጠና ጨርሰው በገጠር ክሊኒክ ሥራ ጀመሩ። በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሀብትነሽ ወንዳወቅ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። እጃቸው ቀላል ነበር፤ መርፌያቸው አያምም ይባል ነበር። ገበሬው «ሐኪሙ» ይላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ስሙን ወደዱት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

በ1989 ዓ.ም. ወለተ ሐና የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የፈላ የአረቄ ድፍድፍ ተገልብጦባት፣ የግራ እግሯ ከጉልበቷ ጀርባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተልጦ ወደ ክሊኒኩ መጣች። አቶ ክንዱ አጥበው፣ ቅባት ቀብተው አሸጉት። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ፤ ቁስሉ አልደርቅ አለ። እናቷ ወይዘሮ ያምሮት «ጌታዬ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይጻፉልን» እያሉ ቢለምኑ፣ «ከእኔ እጅ ያመለጠ ቁስል የለም፤ ታገሡ» ይሏቸው ነበር። በእርሳቸው እጅ እንደማትድን በስድስት ወሩ ዐውቀዋል። ወረቀቱን ቢጽፉ ግን ሐኪምነታቸው እዚያው የሚያበቃ መሰላቸው።

በ1991 ዓ.ም. ለክትባት የመጣች ነርስ ልጅቷን አይታ፣ እርሳቸውን ሳትጠይቅ ጽፋ ላከቻት። አቶ ክንዱ ተቆጥተው ተከትለው ሄዱ። ፍኖተ ሰላም ላይ የሆስፒታሉ ሐኪም ከልጅቷ ከደህናው ጭኗ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቆዳ ገፎ ቁስሉን አለበሰው። ከቀናት በኋላ ፋሻው ሲፈታ ቆዳው ይዞ፣ ቀላ ብሎ ታየ። ሐኪሙ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይህ ቆዳ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ጭኗ ላይ ነበር» አላቸው።

ቁስሉ ዳነ። የተኮማተረው ጉልበቷ ግን ጊዜው አልፎበት ነበርና ሊዘረጋ አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ በ2001 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ክፉኛ ለተቃጠለ ሰው ዕለቱን ይጽፉለት፣ አጃቢ ከሌለውም ራሳቸው አብረው ይሳፈሩ ነበር። ብዙዎች በገዛ ቆዳቸው ድነው ተመልሰዋል። ወረዳው ምስጉን ሠራተኛ ብሎ ሲሸልማቸው ጭብጨባው ሳያበቃ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በገበያ ቀን ወለተ ሐና እያነከሰች ስትመጣ ካዩ መንገድ ይለውጡ ነበር።

በጉበት ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ይህን ለጻፈችው ልጃቸው ለማርያማዊት፣ «ሦስት ጊዜ ደጇ ደርሼ ተመለስኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሰው በተሰበሰበበት ንገሩልኝ። አላወቀም ነበር አትበሉ። ኩራት ነው በሉ» አሏት።

ወለተ ሐና፣ እዚህ ካለሽ ስሚን፤ ከሌለሽም ቤትሽ ድረስ እንመጣለን። አባታችን እያወቁ ከሕክምና አስቀሩሽ። ኩራት ነበር። ይቅር በያቸው ብለን በዚህ ሕዝብ ፊት እንለምንሻለን፤ ብትከለክይንም አንቀየምሽም።

እርሳቸው ለአንቺ የነፈጉትን ምሕረት እግዚአብሔር ለነፍሳቸው አይንፈጋት። አሜን።