የጉድጓዱ ቁልፍ

ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርሳ

በ2001 ዓ.ም. ጦራችን ከሶማሊያ ሲወጣ የአንድ መንደር የውሃ ጉድጓድ አልደፍንም በማለቴ አዛዤ ማዕረጌን ገፈፈኝ። በደለኝ። ጠላት እንዳይጠጣ ነው ይል ነበር፤ ከዚያ ሲቀዱ ያየኋቸው ግን የመንደሩ ሴቶች ናቸው።

ዛሬ ልጄ ሰይድ ፈቃዱን ጨርሶ ወደዚያው አገር ሲመለስ እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። የሱም ጦር በሚቀጥለው ወር ለቆ ይወጣል። ካምፓቸው ውስጥ መንደሩ በሙሉ የሚቀዳበት ጉድጓድ አለ፤ የበሩን ቁልፍ የሚይዘው ሰይድ ነው።

«ቁልፉን ለማን ትሰጣለህ?» አልሁት።

«በሩን ከፍተን እንሄዳለና፣ አባ።»

«ከዚያ ጠብመንጃ ያለው ይይዘዋል። የኛ የግራና ወንዝ መስኖ ውሃውን በተራ የሚያካፍል የውሃ አባት ሳይኖረው አንድ ቀን አድሮ ያውቃል? ሽማግሌዎቹን ሰብስብ። ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ይምረጡ፤ ቁልፉን በፊታቸው አስረክበው።»

«አዛዡ እምቢ ቢልስ? አንቱን ምን እንዳደረጉዎት አውቃለሁ።»

«ማዕረጌን ወሰዱ እንጂ ጉድጓዱን አልደፈኑም።»

ሳቀ። «ግትርነትዎን ሊያወርሱኝ ነው። እሺ፣ አስመርጣለሁ» ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

ያደርገዋል፤ ልጄን አውቀዋለሁ።

ስለ ማዕረጌ ግን ይህ የመጨረሻው ነው። ለሰይድም ሆነ በዚህ ደብተር ላይ ዳግመኛ አላነሳውም።