ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው የተደበቀ ጣሳ

ሰኞ

ጣሳዋን ያገኘችው አጁሉ ናት። እኔ ጂፒኤሱ ላይ አፍጥጬ የኒም ዛፏን ደጋግሜ ስዞር፣ እሷ ዕቃውን ትታ ሥሯን አየች፣ ድንጋይ አነሳች፣ አለቀ። የወተት ዱቄት ጣሳ። ውስጧ እስክሪብቶ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የፈረንጅ ሳንቲም፣ ስም የሚጻፍበት ወረቀት። ላብ በላብ ሆኜ እንደ ልጅ ሳቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስደተኞች መጠለያ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ የነበረው ፈረንጅ መሐንዲስ ባለፈው ሳምንት ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ለእኔና ለአጁሉ ከእኛው ቢሮ ጂፒኤስ ላይ የቀዳው ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተወልን። ፈልጉ፣ አለን። በእነሱ አገር ሰው ዕቃ ይደብቅና ቦታውን በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል አሉ። የማያውቀው ሰው ጂፒኤስ ይዞ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ስሙን ይጽፋል፣ አንድ ነገር ወስዶ አንድ ነገር ይተካል፣ መልሶ ይደብቃል። ሽልማት የለውም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

እኔ ውሃ ቢሮ ቀያሽ ነኝ። በዚህ ዕቃ ጉድጓድ ስመዘግብ ዓመት አልፎኛል፤ ለጨዋታ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አጁሉ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪ ናት፣ የጋምቤላ ልጅ፣ አኙዋ። አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ከኒሟ ተመልሰን በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ይኼ ለልጆቼ ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ

ለጨዋታው ክበብ ልታቋቁም የትምህርት ቤቷን ዳይሬክተር አስፈቅዳለች። ማለቴ፣ ግማሽ ፈቃድ አግኝታለች። ቅዳሜ ይሞከር ብሏታል። አንድ ልጅ ቢጠፋ ወይም አንድ ጠብ ቢነሳ ግን ክበብ የሚባል ነገር አይኑር፣ ስሙም አይነሳ። ሰውዬውን አልፈርድበትም። ባለፈው ወር በኳስ ጨዋታ ተነስቶ የነበረውን ድንጋይ ውርወራ ያስቆመው እሱ ነው።

የአጁሉ ክፍል አቀማመጥ ለማንም ግልጽ ነው። አኙዋዎቹ በመስኮቱ በኩል፣ ኑዌሮቹ ከኋላ፣ እኛ ደገኞች ከፊት። አስቀምጧቸው ያለ ሰው የለም፤ ራሳቸው ናቸው። ስፖርት ላይም ቡድን ምረጡ ስትላቸው እንደዚያው ነው የሚመርጡት። ይህ ነው የሚያንገበግባት።

ዛሬ የነደፈችውን ጨዋታ ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንድ ቡድን ሦስት ልጅ፣ ከየወገኑ አንድ። በየጣሳው አንድ ጥያቄና ጥቂት ካርዶች አሉ። በእያንዳንዱ ካርድ ፊት አንድ መልስ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር። ትክክለኛውን ካነሳህ ቁጥሩ ወደሚቀጥለው ጣሳ ይወስድሃል፤ የተሳሳተውን ካነሳህ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ይመልስሃል። ጥያቄዎቹስ? የመጀመሪያው ስለ ዓሣ መረብ፣ አኙዋ ቤት ያደገ የሚያውቀው። ሁለተኛው ስለ በሬ ቀለም ስም፣ ኑዌር ብቻ የሚለየው። ሦስተኛው ደግሞ ሞፈርና ቀንበር የሚታሰርበት ጠፍር ምን ይባላል የሚል። ምራን ነው አልኳት፣ እኔም ትንሽ አስቤ። አንዱን ልጅ ጥሎ መሄድ አይቻልም ማለት ነው። እኔ ብሆን ሩጫና ፊሽካ ነበር የማስበው።

ረቡዕ

ከሥራ በኋላ ቦታ መረጣ ወጣን። እግሬ አብጧል፣ አንገቴ ተቃጥሏል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

የተማርነው፤ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ጣሳ መደበቅ ከንቱ ነው። ቅጠሉ ሳተላይቶቹን ይጋርዳል፣ ዕቃው የሆነ ያልሆነውን ይቀባጥራል። ገላጣ ቦታ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አቅጣጫ የሚያሳየው የጂፒኤሱ ቀስት የሚሠራው ስትራመድ ነው፤ ከቆምክ አቅጣጫ አያውቅም። አጁሉ ይህን ስነግራት «እንደ ተማሪ ነዋ» አለች።

ዋናውን ነገር ግን ያሰበችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ጣሳ ባሮ ዳር ካለው መንደር ጫፍ ልቀብር ስል እጄን ያዘችኝ። ሰው ሲቀብር የታየ ጣሳ ምን ይባላል? ወይ ፈንጂ ነው ይባላል ወይ መድኃኒት። መድኃኒት ሲባል ደግሞ የሐኪም አይደለም። ሲመሽ ሰፈሩ በሙሉ ጦርና ዱላ ይዞ ይወጣል። ደገኛ መጥቶ በራችን ላይ ቀበረ ተብሎ የሚሆነውን ለራሴ ልተወው።

ስለዚህ ቤት ለቤት ሄድን። የሚደበቀው ከተጫዋቾቹ ብቻ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ ለልጆቹ ግን አይናገርም። ይህ የእሷ ሕግ ነው፤ ፈረንጁ ቢሰማ ጨዋታው ተበላሸ ይል ነበር። እሷ ጣሳውን ትከፍታለች፣ ታስዳስሳለች፣ በአኙዋ ታወራለች፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። የመንደሩ ሽማግሌ ኦፕየው የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ ጂፒኤሱን ተቀብለው፣ ቀስቱን እየተከተሉ፣ ራሳቸው ያዩት ጣሳ ድረስ ሄዱ። ሲደርሱ እንዳላወቀ ሰው ደነገጡ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው አሳዩን። አይናገሩም ማለት ነው።

ሐሙስ

ሙቀቱ አያስኬድም። ቢሮ ውስጥ ካርታው ላይ ላቤ ተንጠባጠበ።

የቀረን፤ የባትሪ ድንጋይ፣ ፊሽካ፣ ጀሪካን ውሃ፣ ሁለተኛ ጂፒኤስ። ያለ ሁለተኛ ዕቃ ሁለት ቡድን ማጫወት አይቻልም። የመጠለያው ሠራተኛ የሆነ ጓደኛዬ ለቅዳሜ ብቻ እሰጥሃለሁ ብሏል። ቢሯቸው እስኪፈቅድ እየጠበቅን ነው።

አጁሉ ለልጆቹ ያስተማረቻቸው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። ከጠፋችሁ አትበታተኑ። ይህን በአማርኛም፣ በአኙዋም፣ በኑዌርም እያስደጋገመች ስታስጮኻቸው ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰማኋት። የኑዌርኛ አነጋገሯ አስቂኝ ሳይሆን አይቀርም፤ የኋላዎቹ ልጆች ተንከትክተው ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀችና መልሳ አለችው። በዚች ልጅ እኮራለሁ። ዘመዴ አይደለችም ግን እኮራለሁ።

ዓርብ

ሁለተኛው ጂፒኤስ የደረሰው ወደ ማታ ነው። ቁጥሮቹን ከእኛው ዕቃ እያየሁ አስገባሁለት። ወጥቶ ለመሞከር ብርሃን አልነበረም። ደህና ይመስላል።

አጁሉ እራት አልበላችም። ክበቡ ከቀረ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ፒንኩዶ፣ ዝውውር እጠይቃለሁ አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሁለት ቡድን ወጣ። የቢሯችንን ጂፒኤስ የያዘው ቡድን ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አገኘና ፀሐይ ሳይከር እየጨፈረ ተመለሰ። ሌላኛው፣ አሪየት የምትባል አኙዋ፣ ቾል የሚባል ኑዌርና ሳምሶን የሚባል የደገኛ ልጅ የያዙት፣ ቀረ። ጠበቅን። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል፣ አጁሉን ያያል። እሷ ከንፈሯን ነክሳ መንገድ መንገዱን ታያለች።

ያኔ ነው ነገሩ እንደ መብረቅ የመታኝ። የእኛ ቢሮ ዕቃ የተሞላው በድሮው የአገራችን ካርታ ልክ ነው፤ አዲንዳን ይባላል፣ ካርታዎቻችን በሙሉ በእሱ ስለተሠሩ። የመጠለያው ዕቃ ደግሞ በዓለም አቀፉ ልክ ይሠራል። ያው ቁጥር በአንዱ ዕቃ አንድ ቦታ ነው፣ በሌላው ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን የማያውቅ ቀያሽ የለም። እኔም አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ሌላውን ሰው ተቆጥቼበታለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

ከመጀመሪያው ጣሳ ሁለት መቶ ሜትር ወደዚያ ምን አለ? ባሮ። አዞ ያለበት ባሮ።

ለዳይሬክተሩ ልጆቹን ወደ ወንዙ የላክኋቸው እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም አልኩት። መሮጥ ጀምሮ ነበር። ሦስታችንም ሮጥን። እንዲህ ሮጬ አላውቅም፣ አልዋሽም፣ እመቤቴን እየጠራሁ ነበር።

ልጆቹ ወንዙ ዳር ተቀምጠዋል። ሦስቱም። ማንጎ እየበሉ። አጠገባቸው ኦፕየው መረባቸውን ይጠግናሉ።

ለካ ቀስቱ ውሃው ውስጥ ግቡ ብሏቸው ኖሯል። ቾል መዋኘት እችላለሁ፣ ወዲያ ማዶ አሸዋው ላይ ይሆናል አለ። አሪየት ሸሚዙን ይዛ አልለቅም አለች። ሽማግሌውም ተነስተው ከውሃው አራቋቸው። ጣሳው የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ከተቀመጡበት ሆነው ቦታው ይታያቸዋል። ሳምሶን ለምኗቸዋል። አልተናገሩም። ቃል ሰጥቻለሁ ብለው አፋቸውን ከደኑ። ወይ ጉድ፣ እኔ ለቁጥር ያልሰጠሁትን ጥንቃቄ እሳቸው ለቃላቸው ሰጡ።

ልጆቹ ታዲያ ምን አደረጉ? አትበታተኑ ስለተባሉ አልተበታተኑም። ሥራ ሲፈቱ የራሳቸውን ጨዋታ ሠሩ። ሽማግሌው የመንጠቆ መያዣ ቆርቆሯቸውን ሰጧቸው፣ ደበቁት፣ ቦታውን በዚያው ጂፒኤስ መዘገቡ። ሦስት ጥያቄም ጽፈው ከተቱበት፣ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው የሚያውቁትን።

ዳይሬክተሩ እያለከለከ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አሪየት ተነስታ ጂፒኤሱን ሰጠችው። «እኛ ሳናገኝ ቀረን። እርስዎ ያግኙልን» አለችው።

ሰውዬው ዕቃውን አየ፣ ልጆቹን አየ። ከዚያ መራመድ ጀመረ። አይኑን ከቀስቱ ሳይነቅል ሲሄድ ሽማግሌው እጁን ባይዙት ኖሮ እሱም ውሃ ገብቶ ነበር። በመጨረሻ ከተገለበጠ ጀልባ ሥር ቆርቆሮውን አወጣ። ጥያቄዎቹን አነበበ፤ የቾል ስለ በሬ ቀለም ነበር። ራሱን አከከ። አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቆርቆሮውን ለአሪየት መልሶ ሄደ።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ትናንት ስሮጥ የተሳልኩትን ከፍዬ መጣሁ። አጁሉም ከእነሱ ጸሎት ቤት ገና አልተመለሰችም ነበር። ዳይሬክተሩም እዚያው ነው የሚጸልየው። ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ምሳ አልበላ አለኝ። ፒንኩዶ የምትለዋን እያሰብኩ ነው፤ ግቢው ያለ እሷ ምን ግቢ ነው?

መጣች። ፊቷ ምንም አይናገርም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች።

ዳይሬክተሩ ከጸሎት በኋላ በሩ ላይ ጠብቋት ኖሯል። ትናንት የሆነውን አላነሳም፣ እኔንም አላነሳም። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌሊቱን ሲያስበው አድሯል። «ያ የበሬው ቀለም መልሱ ምንድን ነው?» አላት።

እሷም ቾልን ይጠይቁ አለችው።

ሰኞ ጠዋት ቾልን ሊጠይቅ ነው። ክበቡ ይቀጥላል አላለም፣ ይቅርም አላለም። አጁሉ ይህን ስትነግረኝ ሳቅ ጀመረች፣ እስክታለቅስ ሳቀች፣ እኔም አላስቻለኝም።