የዘለልሁት ቁጥር

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ደህና ዋልሁ። ጠዋት ጸሎት፤ ከዚያ ቁርስ፤ ከዚያ የልጄ የስፌት መኪና ጩኸት። ሳሎኑን የስፌት ቤት ካደረገችው ወዲህ በወንበሬ ላይ ሁልጊዜ የሰው ኮት ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ዛሬም ኮቱን አስነሥቼ ተቀመጥሁ።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረድሁ፤ ለጎረምሳው ላነብለት። ጎረምሳው የምለው ሰው ሰማንያ ሊሞላው ነው። በጥቂት ወራት ስለምበልጠው ግን ይህን ስም አልተውለትም። አብረን ተምረናል፤ ኋላም በአንድ ደብር አብረን አስተምረናል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ንባቡ የእኔ ሆነ፤ ፍርዱ ግን የእሱ ነው። የጸሎት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል። የሚላላውን ካጠበቅሁ፣ የሚጠብቀውን ካላላሁ፣ በጣቱ ቀለበት የወንበሩን እጀታ ጠቅ ያደርጋል። አይናገርም። ጠቅ ብቻ። ተመልሼ አነባለሁ።

ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠቅ አለ… አንዱ የእኔ ስሕተት አልነበረም ብዬ አሁንም እጠረጥራለሁ።

ስመለስ በደረጃው ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ዕድሜያቸው ለገፋ ሁሉ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በጤና ጣቢያው በነፃ ይሰጣል ይላል። «በነፃ» የሚለው ቃል ተሰምሮበታል። በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው በነፃ የሚሰጠው ምክር ብቻ ነበር። ለምን ተሰመረበት?

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

የጎረምሳው እኅት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ታናሹ ናት፤ ቤቱንም እሱንም የምትጠብቅ እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ሳይገቡ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

ነገሩ ክትባቱ ነው። ሐኪሙ፣ የወንድምሽ ሳንባ ደካማ ነው፤ ዘንድሮ ኢንፍሉዌንዛ ቢይዘው አይችለውም ብሏታል። እሱ ራሱ እንዳይከተብ ደግሞ የዛሬ ስንት ዓመት ይህንኑ ክትባት ሲወጋ ሰውነቱ ተቆጥቶ፣ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ ሊቆም ደርሶ ነበር።

«ስለዚህ በዙሪያው ያለነው ነን መከተብ ያለብን። እኔ ትናንት ተወጋሁ። እርስዎስ?»

«እኔ ምን ሆኜ?»

«ምንም አልሆኑም። እንዳይሆኑ ነው እንጂ።»

ጎረምሳው ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ፣ «ተይው ባክሽ! መርፌው ይሰበራል እንጂ አያልፍለትም። የዚህ ሽማግሌ ቆዳ ብራና ከሆነ ቆየ» አለ። ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም ቶሎ አልተወውም።

ቤት ገብቼ አሰብሁ። እሱን ሊገድል የደረሰ ነገር ለእኔ እንዴት መድኃኒት ይሆናል? ለልጄ ይህንኑ አነሣሁባት። መርፌዋን ከአፏ አውጥታ፣ «አባዬ፣ ኦቾሎኒ የሚያሳብጠው ሰው አለ። አንተ ግን በእፍኝ ነው የምትበላው» አለችኝ።

መልስ አላት። ሁልጊዜ መልስ አላት። መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀለት ጥያቄ ደስ አይለኝም።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ልጄና የጎረምሳው እኅት ደረጃ ላይ ሲንሾካሾኩ ደረስሁባቸው። ጸጥ አሉ። «ስለ አየሩ እያወራን ነው።» ስለ አየር ይንሾካሾኩበታልን?

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ሄድሁ። ይኸው፣ ሄድሁ።

ረጅም አግዳሚ ወንበር፤ የአልኮል ሽታ፤ እንደ እኔ ያሉ አሮጌዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው። ነርሷ ገና ልጅ ናት። ከበረዶ ሣጥን አንዲት ትንሽ ነገር ታወጣለች፤ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ታያታለች። ምኗን ነው የምታየው? እኔን ስታይ ፈገግ አለች። እንደ ተማርሁት ፈታሁት፦ አንድም ስለ ራራች ነው። አንድም ሥራዋ ስለሆነ ነው። አንድም የምትሸሽገው ስላለ ነው። ሦስተኛው ፍቺ ከልቤ አልወጣ አለኝ። ደግሞስ ዘመኔን የጠበቀኝ አምላክ ነው ወይስ ይህች ሣጥን?

ተራዬ ሲጠራ ተነሣሁ… ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ እኅቱ በር ስትከፍትልኝ፣ «ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ ሄዱልኝ?» አለች።

«ሄጄ መጣሁ እኮ።»

«ተመስገን! እፎይ አልሁ።»

ጎረምሳው ከወንበሩ ሆኖ ምንም አልተናገረም።

ሐሰት አልተናገርሁም። ሄጃለሁ። መጥቻለሁም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

የትናንቱን መልሼ አነበብሁ። እውነት የተናገረ ሰው «ሐሰት አልተናገርሁም» ብሎ ይጽፋልን?

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ጉሮሮዬን ከረከረኝ። የጨርቁ ብናኝ ነው፤ ልጄ ከትናንት ጀምሮ የሱፍ ካፖርት ስትቀድ ነው የቆየችው። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ፣ «ትሞቃለህ አባዬ። ዛሬ አትውረድ፤ አደራህን» አለች። ምክንያት ስታገኝ አታሳልፍም… ሙቀት አለብህ ብላ ነገ ያችኑ ነርስ ቤት ድረስ ልታመጣብኝ ይሆናል።

ወረድሁ። አነበብሁ። ሁለት ጊዜ አነጠስሁ፤ በእጅጌዬ ውስጥ ነው። ጎረምሳው «ይማርህ» አለኝ። ጠቅ አላለም፤ ማስነጠስ ስሕተት አይደለምና።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ጎረምሳው ተኝቷል። ከእሑድ ጀምሮ ያተኩሰዋል። እኅቱ አፏን ሸፍና ውሃ በማንኪያ ትሰጠዋለች። «ያንብቡለት ጋሼ፤ እርስዎ ሲያነቡ ይረጋጋል» አለችኝ።

በራስጌው ተቀምጬ አነበብሁ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ቀለበቱ በጣቱ ላይ ሰፍቶ ዞሯል። በአጠገቡ ጠቅ የሚያደርግበት እንዲሆን የእንጨት ሣጥን አስቀምጣለታለች።

አንድ ቃል አላላሁ። ሳላውቅ ነው። ጠበቅሁ… ምንም የለም።

ይሰማኛልን? ልፈትነው ብዬ አንድ ሙሉ ቁጥር አውቄ ዘለልሁ። ይህን በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም፤ ይቅር ይበለኝ። በተማሪነታችን አንዲት ቃል የሳትሁ ቀን ማዕድ ላይ እንኳ አላስበላኝም ነበር። አሁን ቁጥሩን ተሻግሬ ሄድሁ። ዝም። ደረቱ ብቻ ይጮኻል፤ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ።

ያላረመኝ ሰው… ስለ ሞት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ብዙም አስተምሬአለሁ። እንዲህ ባለ ዝምታ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

አምቡላንስ ወሰደው። እኅቱ ልብሱን ልትወስድ ስትመለስ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ምርመራው ኢንፍሉዌንዛ ነው ብሏል፤ ኦክስጅን ተደርጎለታል።

«ከማን እንደ ያዘው እንጃ ጋሼ። እኔም ተከትቤአለሁ፤ እርስዎም ተከትበዋል። ሌላ ሰው አይገባብን።»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። የደረጃውን ብረት ያዝሁ።

«እኔ አልተከተብሁም፤ እቴ።»

«ምን አሉኝ?»

«ሄድሁ። ሳልወጋ ተመለስሁ።»

«ጋሼ! ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ወረቀቱን አሳየኝ እለው ነበር። እርስዎን እንዴት ብዬ ልጠይቅ?» አለችና ፌስታሉን አንሥታ አልፋኝ ወረደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ማረው ልል ስጀምር ያች ማስነጠሴ ትቀድመኛለች። ከእኔ ይሁን ከሌላ፣ የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ ያሴራል ብዬ ሰነበትሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠረጠርሁም።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ያችው ነርስ። ያው ሣጥን።

«አባቴ፣ ያን ቀን ጠርተንዎት ጠፉብን እኮ!»

ታስታውሰኛለች። ለምን ታስታውሰኛለች? ተቀመጥሁና የልቤን ጠየቅኋት። «ይህ ነገር ከተወጋሁ በኋላ ጨርሶ እንዳይዘኝ ያደርጋል?»

«ጨርሶ አይልም። ሊይዝዎት ይችላል። ግን ዕድሉ ይቀንሳል፤ ቢይዝዎትም አይጠናብዎትም።»

ይህን አልጠበቅሁም። ሊያታልል የመጣ ሰው የሸቀጡን ጉድለት አይናገርም… ወይስ ይህም ብልሃት ነው?

«ወደ ሌላ ሰው እንዳላስተላልፍስ?»

«እሱንም ይቀንሳል። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

አለ አልኋት። የት እንዳለና ምን እንደምናነብ ስነግራት፣ ስለ ጠቅታውም ስነግራት፣ «በሉ፣ ይህን ጥጥ ጫን አድርገው ይያዙልኝ» አለች።

«የምን ጥጥ?»

«ወጋሁዎት እኮ አባቴ!»

በአግዳሚው ላይ ጥቂት ይቀመጡ አለችኝ። ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች። አሁንም ሦስቱም ፍቺዎች መጡ፤ የመጀመሪያውን መረጥሁ። ሲያልቅ የተከተብሁበትን ወረቀት ለምኜ ወሰድሁ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ክንዴ ታምሟል። ይኸው ጀመረ… አልሁና ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁት። ማታ ላይ ተወኝ። ልጄ ኮቱን ከወንበሬ ላይ አነሣችልኝ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ጎረምሳው ወደ ቤቱ ተመለሰ! ከስቷል አሉ፤ ግን ይናገራል አሉ። እየሮጥሁ ለማለት ያህል ወረድሁ። እኅቱ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተችው። ወረቀቱን ሳትጠይቀኝ አሳየኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው።

«ሥራውን እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብለዋል። እስከዚያ ይታገሡኝ ጋሼ።»

«ልክ ነሽ» አልሁ። መጠርጠሩን አሁን እሷ ተረከበችኝ፤ ከእኔ ይልቅ ያምርባታል።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ሰንሰለቱ ተፈታልኝ። እጄን ታጥቤ ገባሁ።

ጎረምሳው በወንበሩ ነው፤ ትራስ ደግፎታል። ቀለበቱ እንዳይወድቅ እኅቱ ክር ጠምጥማበታለች። እጁን ዘርግቶ ክንዴን ዳበሰና፣ «መርፌው አልተሰበረም?» አለ።

«አልተሰበረም።»

«እንግዲያ አንብብ።»

አነበብሁ። እንደዚያ ተጠንቅቄ አንብቤ አላውቅም፤ ላለመሳሳት ሳይሆን፣ ብሳሳት ዝም ይል ይሆን ብዬ ስለ ፈራሁ። አንዱን ምዕራፍ ጨረስሁ። ሁለተኛውን ጀመርሁ።

ጠቅ።

ቆምሁ። መልሼ አየሁት፤ የሳትሁት የለም። «አሁን ምን አጠፋሁ?»

«አሁንስ ምንም። ያን ቀን የዘለልሃትን አንብባት።»

መጽሐፉ ጭኔ ላይ ቀረ። «ሰምተህ ነበር?»

«ሰምቻለሁ። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጤና ጣቢያ ሄጄ መጣሁ ስትልም ሰምቻለሁ። አንተን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ሄጄ መጣሁ አልህ እንጂ ተወጋሁ አላልህም። ያኔ ነበር ጠቅ ማድረግ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ጠቅ ባደርግ እኅቴ ታስወጣሃለች። ማን ሊያነብልኝ?»

እኅቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን አዞረች።

የዘለልሁትን ገጽ ፈለግሁ። አገኘሁት፤ አነበብሁት። ጠቅ አለ።

«ይኼኛውስ?»

«ድምፅህ ተንቀጠቀጠ።»

ተመልሼ አነበብሁ።