ከአቶ ታከር የጎልፍ ሣር ወደ እህቴ መኝታ ክፍል ስለሚወርደው ውኃ

ለተከበሩ አቶ ሬይፎርድ ዴንተን
የስዊትገም ሂል የቤት ባለቤቶች ማኅበር
የመንደር ገጽታ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጆርጂያ

ክቡር ሆይ፦

ጤናዎ፣ በተለይም የጉልበትዎ ጤንነት፣ እንደተመኘሁልዎ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ዳገቱን ወጥተው የአቶ ታከርን የጓሮ ጎልፍ ሜዳ ሲመርቁ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዳገቱን ወርደው እኔ ቤት ሲመጡ ግን አይቼዎት ስለማላውቅ፣ ምናልባት ቁልቁለት ያምዎት እንደሆነ ሰግቻለሁ።

ይህን ለሚያነቡ ጎረቤቶች ራሴን ላስተዋውቅ፤ ከአቶ ታከር በታች የምኖረው ኦሊን ፔቲግሩ ነኝ። እህቴ ቬርኔል ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር፤ ተሽከርካሪ ወንበር ደረጃ ስለማይወጣ ክፍሏ ታች፣ በሩ ወደ ጓሮ የሚከፈተው ነው። አሁን ያለችው መጦሪያ ቤት ነው። ሐኪሟ ግድግዳው ሳይደርቅ አትመለስም ይላል፤ ግድግዳው ደግሞ የአቶ ታከር የዝናብ ውኃ ማፍሰሻ ቱቦ አፍ ከላዩ ሳይነሣ አይደርቅም። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ቀሪው ምስጋና ነው።

፩. በቅድሚያ ስለ ውበቱ አመሰግናለሁ። ያ ጓሮ ቀድሞ ጥድ የበቀለበት ተራ ተዳፋት ነበር። አቶ ታከር ጥዱን አስቆርጠው፣ ላዩን አስቆፍረው ታቹን አስሞልተው፣ ጠጠር አስደልድለው በማሽን አስጠቀጠቁና በማይጠወልግ፣ በማይታጨድ፣ የዝናብ ጠብታ በማይጠጣ ሰው ሠራሽ ሣር አለበሱት። የእኛን ቀይ ሸክላ አፈር ቲማቲም ተክሎ የተሸነፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ በበጋ ጡብ፣ በክረምት ሳሙና ነው። ድሮም ውኃ የሚጠጣው ለይሉኝታ ያህል ነበር፤ ማሽኑ ከረገጠው ወዲህ ይሉኝታውንም ትቷል። ስለዚህ ዝናቡ ሣሩን አልፎ፣ ጠጠሩን አልፎ፣ ሸክላው ላይ ሲደርስ ግባ እንዳልተባለ እንግዳ ቁልቁል ይወርዳል።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ቱቦው ነው። ሥራ ተቋራጩ ቱቦውን እስከ መንገዱ ዳር የጎርፍ መውረጃ ሊያደርስ ፈልጎ ነበር። ይህ ግን በመንደሩ መግቢያ ኮሚቴዎ ያስተከለውን የጋራ ሣር መቅደድ ይጠይቃል፤ ሣርን ደግሞ ያመዋል። በመሆኑም ቱቦው መውረጃው ጋር ሊደርስ የአንድ መኪና ርዝመት ሲቀረው፣ ልክ ከአጥሬ በላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኮሚቴዎ ሥራውን ሊመረምር በመጣበት ቀን ባርኔጣዬን አውልቄ ይህንኑ አሳየሁዎ። እርስዎ የአቶ ታከርን የጎልፍ ዱላ እንደያዙ ነበሩ።

ጎልፍ ለማይጫወቱ አንባቢዎች፦ ኳስ ከጉድጓዱ አጠገብ ሲቆም፣ ወዳጅ ለወዳጁ አትምታው፣ ገብቷል ይለዋል፤ ኳሱ ይነሣል፣ ነጥቡ ይያዛል። የጨዋ ሰዎች ልማድ ነው። እርስዎም የቱቦውን አፍ አዩ፣ መውረጃውን አዩ፣ ከዚያም በዚያ ሁሉም በሚወድልዎ ድምፅ፣

«ኧረ ኦሊን፣ ምን ቀረው? ገብቷል ብለን እንያዝለት» አሉ።

ተሳቀ። የሥራ ተቋራጩን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ ሥራው ተጠናቋል ብለው ፈርመው ሄዱ። ውኃው ግን ክቡር ሆይ፣ የጎልፍ ክበቡ አባል አይደለም።

፫. በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ ሳለሁ ዝናቡ ጣለ። የቬርኔል አስታማሚ እሑድ አትገባም። ስመለስ የታችኛው ክፍል በጎርፉ ቀይ ሆኗል። ተሽከርካሪ ወንበሩ ስልኳን እንደ ተሸከመ በውኃው ተገፍቶ ማዶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ፍራሹ ከሥሩ ጠጥቷል። አልጋዋ ላይ የቀረችው እህቴ ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ተዘግቷል። ክፍሏ ጫማ አድርጌ እንድገባ በዕድሜዋ ፈቅዳልኝ የማታውቅ ሴት፣ በዚያ በተረፋት ሹክሹክታ፣

«ዛሬስ ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ ቆሽሿል» አለችኝ።

ብርዱ ሳንባዋ ገባ። ሆስፒታል ገብታ ወጣች፤ ወደ ቤቷ ግን አልተመለሰችም።

እኔም በሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ደረደርሁ። ስለ ቱቦው ለጻፍሁት ሁሉ ዝም ያለው ኮሚቴዎ በዚህ ጊዜ እንዴት ፈጠነ! የከረጢቶቹ ቀለም ከተፈቀዱት መካከል እንዳልሆነና ከእግረኛ መንገዱ እንደሚታይ በሳምንቱ አስታወቀኝ። ዓይናችሁ እስከ እኔ በር የሚደርስ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ስለሆነ፣ ይህንንም ከምስጋናዎቼ ቍጠሩልኝ። የቱቦው ጉዳይ ግን የጎልፍ ውድድሩ ወቅት አልፎ፣ በመኸር ስብሰባ ይታያል ተብያለሁ።

ይህኛው ተራ ቍጥር የለውም። ቬርኔል ልጠይቃት ስሄድ፣ ስለ ምግቡም ስለ ነርሶቹም አታወራም። «ግድግዳው ደረቀ?» ትላለች። እየደረቀ ነው እላለሁ። አጠገቧ ያለው አልጋ ሁለት ጊዜ ሰው ለውጧል፤ ወደ ቤቱ የሄደ ግን የለም። ለመኸር ስብሰባ የሚያደርሳት ሳንባ እንዳላት ሐኪሙ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ያችን የአንድ መኪና ርዝመት ቱቦ እንዲያስቀጥሉ በትሕትና እለምናለሁ። ካልሆነም በመጪው ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ እያየ የጋራውን ሣር እኔው ራሴ እንደምቆፍር በአክብሮት አስታውቃለሁ። ከመዘምራኑ ወፍራም ድምፅ ያላቸው አካፋ ይዘው ይመጣሉ፤ ወገባቸውም እንደ ድምፃቸው ነው። ፖሊስ የሚጠሩ ከሆነ ቦት ጫማ አድርጎ እንዲመጣ ይንገሩልኝ።

ዘመንዎ እንደ ሣርዎ ለምለም ይሁን እያልሁ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ሆኜ ወደ ላይ በማንጋጠጥ፣ አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ የማከብርዎ ጎረቤትዎ፣

ኦሊን ፔቲግሩ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለቬርኔል አነበብሁላት። ልመናው በዝቷል አለች። «ምን ያደክምሃል? እሱ ራሱ አንድ የዝናብ ሌሊት አልጋዬ ላይ ይተኛበት» ብላ እንድጋብዝዎ አዝዛኛለች። አልጋዋን አንጥፌያለሁ፤ ሐሙስ ከባድ ዝናብ ይጥላል ተብሏል። ይምጡ፤ ስልክዎን ግን እቤትዎ ይተዉት።